አምስት ብለሽ ጻፊ

"አምስት ብለሽ ጻፊ" አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ በቶንዶሱ ጥርሶች መሃል የተሰገሰገውን ፀጉር በብሩሽ እያራገፈ።

የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዋ እስክሪብቶ ቅጹ ላይ ቆመ።

"አምስት? ከአሥር?"

"ከአሥር። ሁለተኛውንም አምስት። ሦስተኛውን... ስድስት በይው፤ ስድስት አይበዛበትም።"

ማክሰኞ ጠዋት ነበር፤ ደንበኛ የማይበዛበት ሰዓት። አስተካካዩ የመጨረሻውን ሰው ሸኝቶ፣ በመስታወቱ በር ላይ የተንጠለጠለችውን ሰሌዳ ወደ "ዝግ ነው" ገልብጧታል። ባለሙያዋ ወረፋ ጠባቂዎች ከሚቀመጡባቸው ሦስት ወንበሮች በዳርኛው ላይ፣ ፋይሉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ሌላ ጊዜ ባለሙያዋ ማክሰኞ ማክሰኞ የምትመጣው የአስተካካዩ ልጅ ከትምህርት ቤት በምትመለስበት ሰዓት ነበር። ዛሬ ግን አባትየውን ብቻውን አግኝታ የመዝጊያ ግምገማውን ልትሞላ በጠዋት መጣች። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው ብላ ነበር።

"ጋሼ፣ እነዚህ ቁጥሮች እኮ ከመጀመሪያዎቹ ያንሳሉ።"

"የመጀመሪያዎቹ ስንት ነበሩ?"

ገጹን ገለጠች። "ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ስምንት።"

አስተካካዩ ብሩሹን አስቀምጦ ሳቀ። "አሥር አለማለቴም ትሕትናዬ ነው!"

እሷ አልሳቀችም። ሳቁን አቋረጠና ከመስታወቱ ፊት ያለውን የደንበኛ ወንበር ወደ እሷ አዙሮ ተቀመጠበት።

"ያን ቀንማ ዋሸሁሽ፣ እህቴ። ፖሊስ በር ላይ ቆሟል። ልጄን መኪና ውስጥ አስገብታችኋታል። አንቺ ደግሞ 'ልጅዎን ምን ያህል ያውቋታል?' ትይኛለሽ። ሁለት እንድልሽ ነው?"

ያን ቀን ባለሙያዋም አትረሳውም። ሚስቱ ጥላው ከሄደች በኋላ አስተካካዩ ልጁን የሚተውበት ሰው አልነበረውም። ሱቁን ቢዘጋ የሚበሉት የለም። ስለዚህ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤት ያስገባታል፣ ምሳዋን አስቀምጦ ከውጭ ይቆልፍባታል፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ስድስት ወር እንዲህ ኖሩ። አንድ ቀን ልጅቷ ሩዝ ልትቀቅል ምድጃ ለኮሰች፤ መጋረጃው ተያያዘ። ጎረቤት በሩን ሰብሮ አወጣት። እጇ ላይ ትንሽ ከመቃጠሏ በቀር አልተጎዳችም። ግን በዚያው ዕለት ፖሊስ መጣ፤ ከፖሊሱ ጋር ባለሙያዋ መጣች፤ ልጅቷም አክስቷ ዘንድ ተወሰደች። ወደ አባቷ የተመለሰችው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ይህ ሁሉ ከሆነ አሥራ አንድ ወር አልፎታል።

"ታዲያ ዛሬ ለምን አምስት?" አለች ባለሙያዋ። "ቁልፍ አስቀርጸው ሰጥተዋታል። አንዱን ለጎረቤትዎ ለነርሷ ሰጥተዋል። ልጅቷ በቀጥታ እዚህ ትመጣለች፣ የቤት ሥራዋን እዚህ ትሠራለች። እርስዎ እኮ..."

"ስሚኝማ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ እያለ ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ደህና ናት፣ ተቆልፎባታል፣ አለቀ። አሁን ግን ጨለማ እንደምትፈራ አውቃለሁ። ሒሳብ እንደምትወድ አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዲት ጓደኛዋ እንደተቀየመቻት ከሌላ ሰው ሰማሁ፤ ለእኔ አልነገረችኝም። የማላውቀው ስንት ነገር እንዳለ ገና አሁን ነው የገባኝ። ስለዚህ አምስት። እውነቱን ጻፊ ብለሽኛል፣ ይኸው።"

ጻፈች። አምስት፣ አምስት፣ ስድስት።

ባለሙያዋ ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ስትገባ የምሳ ሰዓት ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ኃላፊዋ ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት የቀራት ሴት ናት፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ቅጽ ስታነብ ብቻ ታደርገዋለች። አደረገችው።

"ሃያ ስድስት የነበረው አሥራ ስድስት ሆኗል" አለች። "ሰውዬው ወርዷል ማለት ነው።"

"አልወረደም። ያኔ ዋሽቶ ነበር፣ ዛሬ እውነቱን ተናገረ።"

"ያን እኔና አንቺ እናውቃለን። ኮሚቴው የሚያየው ይህቺን ገጽ ነው። ነጥቡ የወረደ ፋይል አይዘጋም፤ እንደገና ይጣራል። እስኪጣራ ድረስ ልጅቷን አክስቷ ዘንድ መልሷት ቢሉስ? ከዚህ በፊት ብለው ያውቃሉ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

ኃላፊዋ መነጽሯን ለቀቀችው፤ ደረቷ ላይ ተወዛወዘ። "ሂጂና እንደገና ጠይቂው። ቅንድብሽን ትንሽ ከፍ ስታደርጊ ሰው ራሱ ስምንት ይላል። ክፉ አትበይኝ፣ ለሰውዬውም ለልጅቷም የሚበጀው እሱ ነው። ኮሚቴው ሐሙስ ነው።"

ክፉ ልትላት አልቻለችም፤ ምክንያቱም ትክክል ነበረች። በባለሙያዋ እጅ አርባ አንድ ፋይል አለ፤ ይህ በጥሩ ሁኔታ ካለቁት ጥቂቶች አንዱ ነው። ደረጃውን ስትወርድ ቅጹን አወጣችና አየችው። አምስቱን ስምንት ለማድረግ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም፤ በእስክሪብቶ ሁለት ጭረት ይበቃል። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆማ ይህን እያሰበች መሆኗን ስታውቅ ደነገጠች። ቅጹን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ዚፑን ዘጋችው።

ከሰዓት በኋላ፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ፣ ወደ ሱቁ ተመለሰች። አስተካካዩ ሁለት ሰው እስኪጨርስ ጠበቀችው። ሰሌዳዋን እንደገና ሲገለብጣት የሆነውን ሁሉ ሳትሸፋፍን ነገረችው፤ ኮሚቴውን፣ ነጥቡን፣ አክስትየዋን።

አስተካካዩ ፎጣ አነሳ፣ አጠፈ፣ ዘረጋ፣ እንደገና አጠፈ።

"እና ስዋሽ አመናችሁኝ፣ እውነት ስናገር ልትቀጡኝ ነው?"

"እኔ ልቀጣዎት አይደለም..."

"ማነው ታዲያ የሚቀጣኝ? ወረቀቱ?" ፎጣውን ወረወረው። "በቃ ስምንት በይው! ዘጠኝ በይው፣ አሥር በይው! መቶ ከፈለጉ መቶ! ልጄን ብቻ እንዳትነኩብኝ።"

እስክሪብቶው በእጇ ነበር። ቅንድቧን እንኳ ከፍ አላደረገችም፤ ሰውዬው ራሱ ስምንት አለ፣ ልክ ኃላፊዋ እንዳለችው። አሁን ብትጽፍ ደግሞ እውነትም እሱ ያለው ነው። ግን የአንገቱ ደም ሥር ተገትሮ አየች። ይህን ፊት ታውቀዋለች። አሥራ አንድ ወር ሙሉ እንዲለቀው የደከሙበት ፊት ነው፤ ከፖሊሱ ፊት ቆሞ ዘጠኝ ያለው ሰውዬ ፊት።

"ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ።"

"አልቀመጥም።"

"እሺ፣ ቆመው ይመልሱልኝ። ያን ቀን ዘጠኝ አሉ። ዛሬ ላይ ሆነው ወደ ኋላ ሲያዩት፣ ያን ጊዜ በእውነት ስንት ይገባዎት ነበር?"

በውጭ አንድ ሰው በሩን ገፋ አደረገ፣ ሰሌዳዋን አነበበና ሄደ።

"ዜሮ አለው?"

"ከአንድ ነው የሚጀምረው።"

"እንግዲያው አንድ።" ተቀመጠ። "ሁለተኛው ምን ነበር፣ ሰው መጠየቅ? እሱም አንድ። ከግድግዳዬ ማዶ ነርስ እየኖረች አንድ ቀን እንኳ በሯን አላንኳኳሁም፤ ምን ትለኛለች ብዬ። ሦስተኛውን፣ ከአደጋ መጠበቅን... ሁለት በይው። ምሳዋን እኮ ትቼላት ነበር የምሄደው።" እጁን ዓይኑ ላይ አደረገ። "አይ። አንድ በይው። እሳት ነው የተነሳባት።"

ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም። ሁለት ዓምድ ብቻ ነው ያለው፤ መነሻና መዝጊያ። ባለሙያዋ ዳር ላይ በቀረችው ነጭ ቦታ መስመር ልታሰምር ዞር ዞር ብላ ማስመሪያ ስትፈልግ፣ አስተካካዩ ከመደርደሪያው ረጅሙን ማበጠሪያ አውጥቶ ሰጣት። ሦስተኛ ዓምድ አሰመረች። ከላይ "ያን ጊዜ፣ በዛሬ ዓይን" ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ አንድ፣ አንድ፣ አንድ። ከዚያ ገጹን ገልብጣ አስተያየት ከሚለው ቦታ ላይ ቀስ እያለች እንዲህ ስትል ሞላች፦

"የመነሻው ግምገማ የተወሰደው ልጃቸው ከቤት በተወሰደችበት ሰዓት፣ ፖሊስ ባለበት ነው። በዚያ ሁኔታ መጠየቅ አልነበረብኝም። ቁጥሩ ዋጋ የለውም፤ ስህተቱም የእኔ ነው።"

ፈረመችበትና አስነበበችው። አስተካካዩ ሁለት ጊዜ አነበበው።

"አንቺንስ ምንም አይሉሽም?"

"የሚሉኝን ሐሙስ እሰማለሁ።"

ሐሙስ ኮሚቴው ሦስት ሰው ሆኖ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ቅጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ በማበጠሪያ የተሰመረችውን ዓምድ ተመለከተ። መስመሩ መጨረሻው ላይ ትንሽ ተወላግዷል።

"ዓምድ እንድትጨምሪ ማን ፈቀደልሽ?"

"ማንም።"

"እንዲህ ከሆነማ ነገ ሁሉም የየራሱን ዓምድ እያሰመረ ይመጣል።"

የትምህርት ቤቱን መከታተያ አወጣች፤ በስምንት ወር ውስጥ ልጅቷ የቀረችው ሁለት ቀን ነው፣ ያውም ጉንፋን ይዟት። ነርሷ በእጇ የጻፈችውን ግማሽ ገጽ አቀረበች። ሰብሳቢው አነበባቸው፤ ፊቱ ግን አልተፈታም።

"ማስረጃው ጥሩ ነው። ግን የመነሻው ግምገማ ስህተት ነው ስትይ የመሥሪያ ቤቱን አሠራር እየከሰስሽ መሆኑ ገብቶሻል?"

ባለሙያዋ አፏን ከመክፈቷ በፊት፣ እስከዚያ ድረስ አንድም ቃል ያልተነፈሰችው ኃላፊዋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ፖሊሱ አብሯት እንዲገባ ያዘዝኩት እኔ ነኝ" አለች። "ቅጹንም በዚያው ቀን ሞልተሽ አምጪ ያልኳት እኔ ነኝ። ይጻፍልኝ።"

ፋይሉ ይዘጋ ተባለ። ለባለሙያዋም ቅጽ ያለ ፈቃድ በመቀየሯ አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላት፤ በማኅደሯ የገባ የመጀመሪያው ነው። ኮሪደሩ ላይ ኃላፊዋን ልታመሰግናት ስትል፣ "ተይ እስቲ፣ ምሳ ሳይዘጋብን እንሂድ" ብላ ቀደመቻት።

በማግስቱ ማክሰኞን ሳትጠብቅ ወደ ሱቁ ሄደች። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ደብተሯን መስታወቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ዘርግታለች። የሱቁ ደንበኞች ዳኛዋ ይሏታል። ወረፋ ሲጣሉ ማን ቀድሞ እንደገባ የምትፈርደው እሷ ናት፤ ይግባኝ የለም።

አስተካካዩ ወሬውን ሲሰማ ቶንዶሱን አጠፋ። ከዚያ የደንበኛውን ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ "ጌታዬ፣ ዛሬ በነጻ ነው" አለው። ደንበኛው ምክንያቱን አልጠየቀም።

የቅጹ መጨረሻ ላይ፣ ውሳኔው ከታወቀ በኋላ የምትሞላ፣ ልጆች አሥር ዓመት ከሞላቸው የሚመልሷት አንዲት ጥያቄ አለች፤ አገልግሎቱን እንዴት አገኛችሁት የምትል። ብዙ ጊዜ ባዶ ነው የምትቀረው። ባለሙያዋ ጎንበስ ብላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት። ዳኛዋ እርሳሷን ነክሳ አሰበች።

"ላንቺ ስድስት።"

"ለምን ስድስት?"

"ከትምህርት ቤት ስትመለሺ እደርሳለሁ እያልሽ፣ የቤት ሥራዬን ጨርሼ ነው የምትመጪው። ሁልጊዜ!"

አባቷ ከኋላ "አንቺ ልጅ!" አላት። ባለሙያዋ ስድስት ብላ ጻፈች፤ ምክንያቱንም ልጅቷ እንዳለችው ቃል በቃል ጻፈችው። ከዚያ ልጅቷ ከጎኗ ባለው ወንበር ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

"ማክሰኞ ትመጫለሽ?"

ባለሙያዋ "በዚህ ባለፍኩ ቁጥር ብቅ እላለሁ" ልትል ነበር። ምላሷ ላይ ደርሷል። ቀላል ነው፣ ሁሉም ሰው የሚለው ነው፣ ልጅቷንም አባቷንም ደስ ያሰኛል። ግን ከሰኞ ጀምሮ የያዘቻቸው ቤቶች ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ናቸው፤ በዚህ እንደማታልፍም ታውቃለች።

"አልመጣም" አለች።

"በሚቀጥለውስ?"

"በሚቀጥለውም አልመጣም። ሥራችን አልቋል። ጎብዛችኋል፣ ጨርሳችኋል።"

ልጅቷ ፊቷን ትኩር ብላ አየችው፤ የቀልድ ምልክት ስትፈልግበት። አላገኘችም።

"ሌላ ሰውስ ይልካሉ?"

"አይልኩም። ችግር ቢገጥምሽ ማን ጋ ነው የምትሄጂው?"

"አባዬ ጋ። እሱ ከሌለ ነርሷ ጋ። ነርሷ ከሌለች አስተማሪዬ ጋ" አለች፣ በጣቷ እየቆጠረች፣ የተሰላቸች መስላ።

በሩ ተከፍቶ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ሦስቱም ወንበሮች ተይዘዋል። ባለሙያዋ ፋይሉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ተነሳችና ወንበሩን ለቀቀችላቸው።