መረቡ የወጣበት ቅዳሜ

ኩዝዋዮ የጀልባዋን ሞተር አጥፍቶ ወደ ደቡብ ተመለከተ። ከሩቅ ነጫጭ ወፎች ከሰማይ እየተወረወሩ ውኃው ውስጥ ይጠልቃሉ።

«የሰርዲን ዓሣ መንጋ ነው?» አለ ባልደረባው ፔሩማል፣ በጓንቱ አፍንጫውን እየጠረገ።

«ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል! ዛሬ ቅዳሜ ነው እኮ ባባ። የተማሪዎች ዕረፍት የተከፈተው ዛሬ ነው።»

ኩዝዋዮም ያንኑ እያሰበ ነበር። ከባሕሩ ዳርቻ ፊት ለፊት የተዘረጋው መረብ ሻርኮችን ከዋናተኞች ያርቃል። ሰርዲን በመጣ ጊዜ ግን ሻርኩም ዶልፊኑም መንጋውን ተከትሎ ይመጣና መረቡ ውስጥ ተተብትቦ ያልቃል። ስለዚህ ሰርዲኑ ሳይደርስ መረቡ ይወጣል። መረቡ ከወጣ ደግሞ ማንም ውኃ አይገባም። ባለፈው ዓመት የሚሠሩበት የሻርክ መከላከያ ቢሮ መረቡ እንዲወጣ አንድ ቀን ዘግይቶ ፈቀደና ጀልባዋ እስከ ማታ የሻርክና የዶልፊን ሬሳ ስታመላልስ ዋለች።

ወደ ቢሮው ደወለ።

«ባሕሩ ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት፣ ባባ ኩዝዋዮ» አለች ኃላፊዋ። «እርስዎ ይወስኑ።»

«ከተሳካ የእነሱ ነው፣ ከተበላሸ ያንተ» አለ ፔሩማል ስልኩ ሲዘጋ።

የኩዝዋዮ ሚስት ማሼዚ ጎህ ሳይቀድ አሸዋው ላይ ድስቶቿን ደርድራለች። የተጠበሰ ሊጥና የባቄላ ወጥ ትሸጣለች። በዚህ ዕረፍት በምታገኘው ገንዘብ ዝናቡ ሳይገባ የቤታቸውን ጣሪያ ልትቀይር አስባለች። ኩዝዋዮ ስልኩ ላይ የማሼዚን ቁጥር አወጣ። ከዚያ ሳይደውል ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ጎትት» አለ።

የመጨረሻው መረብ ከበደ። ውስጡ አንዲት ሻርክ ነበረች፤ በሕይወት አለች፣ ሆዷ እንደ እርጉዝ ተነፍቷል። ኩዝዋዮ ጎንበስ ብሎ ክሩን አንድ በአንድ ቆረጠላት። አንዴ ጭራዋን ስታወናጭፍ ክንዱን ላጠችው።

«ሂጂ እናቴ» አለ ፔሩማል ወደ ውኃው ሲገፏት። «ባልሽን ሰላም በይልኝ።»

ወደ ዳርቻው ሲመለሱ ዋና የሚከለክለው ቀይ ባንዲራ ተሰቅሏል። ሰዉ ጃንጥላውን እያጠፈ ወደ መኪናው ይሄዳል። አንድ ከጆሃንስበርግ የመጣ ሰው ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ጠበቃቸው።

«ሌሊቱን ሙሉ ነድተን የመጣነው ለዓሣ ቦታ ልንለቅ ነው?»

ኩዝዋዮ አልፎት ወደ ማሼዚ ሄደ። ድስቷ እስከ አፉ ሙሉ ነው።

«ደውለህ ብትነግረኝ ኖሮ ሁለተኛውን ሊጥ ባልጠበስኩት» አለችው።

«ብደውልልሽ ኖሮ መረቡን አላወጣውም ነበር።»

አየችው። ከዚያ የክንዱን ደም አይታ ከወገቧ ጨርቅ ፈታችና አሰረችለት፤ አጥብቃ፣ ከሚያስፈልገው በላይ አጥብቃ።

ሰርዲኑ አልመጣም። ወፎቹ ሌላ ትናንሽ ዓሣ ሲያሳድዱ ኖሯል። እሑድ ባሕሩ ዝም አለ፣ ሰኞም ዝም አለ። ማክሰኞ ቢሮው መረቡን መልሱ አለና መለሱት። ዝርጋታውም ጉተታውም ላያልቅ ዞሮ ተጀመረ። ምሳቸው የማሼዚ የደረቀ ሊጥ ነበር።

«ይሄን መረቡ ላይ ብናስረው» አለ ፔሩማል እያኘከ፣ «ሻርኩ በራሱ ጊዜ ይመለሳል።»

«ለማሼዚ እነግርልሃለሁ።»

«ኧረ ባባ፣ ልጆች አሉኝ!»

ዓርብ ማታ ኩዝዋዮ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቀዳዳዎቹን በሬንጅ ደፈነ። ማሼዚ ከታች መሰላሉን ይዛለች።

«ዝናቡን ይችላል?»

«አይችልም።»

«እንግዲህ ነገ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ባቄላውን ነክሬዋለሁ።»

ኩዝዋዮ ብሩሹን ባልዲው ውስጥ አስቀመጠ። ጠዋት ሲመለሱ በደቡብ በኩል ያየውን ቀኑን ሙሉ ለማንም አልተናገረም፤ ለፔሩማልም።

«ዛሬም ወፎች ነበሩ» አላት።

ከታች ማሼዚ የያዘችው መሰላል አልተነቃነቀም።

«ታወጣዋለህ?»

«ነገም ካሉ አወጣዋለሁ።»

«ይሁን» አለች ማሼዚ። «ሊጡን ግማሽ ብቻ አቦካለሁ። ውረድ አሁን፣ ክንዴ ዝሏል።»