የቸርኬው ሙግት

ብቸና ውስጥ ሥርጉትን የማያውቅ ቢኖርም አያቷን የማያውቅ የለም። አቶ ሀብተ ሥላሴ ቅኔ ቤት ያደጉ፣ ኋላም ለሰው ጥብቅና ቆመው ሲሟገቱ የኖሩ፣ አሁን የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ከሙግት ቀጥሎ የሚወዱት አንድ ወሬ አለ፦ የትምህርት ቤቱ ደወል። ደወሉ ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ነው። «አባቴ ከጣሊያን ካሚዮን ማርከው ያመጡት ነው» ይላሉ፤ በሠርግም ይሁን በተዝካር ይህን ሳያወሩ ከመቀመጫቸው አይነሡም።

ስለዚህ ከሆሳዕና ተመድቦ የመጣው የታሪክ መምህር ስጦታው «ከአካባቢያችሁ ታሪክ አሳማኝ ድርሰት ጻፉ፤ የበለጠው በወላጆች ቀን ይነበባል» ሲል፣ የአሥራ አንደኛ ክፍሏ ሥርጉት ርእስ ፍለጋ አልተንከራተተችም። ሁለት ገጽ ሙሉ የቅድመ አያቷን ጀግንነት ጻፈች። መምህሩ አንብቦ መለሰላት።

«ይሄ ውዳሴ ነው፣ ሥርጉት። ማስረጃሽ የታለ?»

ማስረጃ! እልህ ያዛት። ቸርኬው ላይ የጣሊያን ጽሑፍ አይጠፋም ብላ ሚስማር ይዛ ወደ ዋንዛው ሄደች። በየዓመቱ የተደራረበውን ቀለም ስትፍቀው ብረቱ ላይ የተቀረጸ ቁጥር ወጣ፦ 1961። በፈረንጅ ቆጥራ ሞከረች፤ በሐበሻ ቆጥራ ሞከረች። በየትኛውም ይሁን ጣሊያን ከአገር ከወጣ ቢያንስ ሃያ ዓመት ሆኖታል።

በወላጆች ቀን ከፊት ወንበር የሚቀመጡት አያቷ ናቸው። አገር በተሰበሰበበት የአባታቸውን ታሪክ ሐሰት ነው ብትል በምን ዓይኗ ታያቸዋለች? ርእስ መቀየር ትችል ነበር። ግን የሀብተ ሥላሴ ልጅ ልጅ ናትና የጀመረችውን ነገር መተው አልሆነላትም።

ማታ እራት እየበሉ ፈራ ተባ እያለች ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ የሚወዱትንና የሚያከብሩትን ሰው በሙግት መርታት ይቻላል?»

አቶ ሀብተ ሥላሴ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ካገኙ ቆዩ።

«እንዴታ! መጀመሪያ ክብሩን ስጭው። ቀጥለሽ እሱ ራሱ ሊነቅፈው የማይችል ምስክር አምጭ። ጠላቱ ቢመሰክርበት ይነቅፋል፤ ወዳጁ ሲመሰክርበትስ ምን አፍ አለው?»

«እርስዎ የማይነቅፉት ሰው ማን ነው?»

«የሞጣው ገላው» አሉ ሳያመነቱ። «ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ የቤታችን ወዳጅ ነው። የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ የማይዋሽ እሱን ብቻ ነው ያየሁ።»

ሥርጉት የጭነት መኪና የሚለውን ስትሰማ ጆሮዋ ቆመ። በቅዳሜው እናቷን አስፈቅዳ በሚኒባስ ሞጣ ወረደች።

አቶ ገላው ነገሩን ሲሰሙ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

«ቸርኬውማ የእኔው ነው! በስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት መኪናዬ እዚህ ሞጣ ተበላሽታ ቆማ ሳለ የአያትሽ አባት መጡ። ‹ልጆቹ ሰዓት አያውቁም፣ ለደወል የሚሆን ብረት ስጠኝ› አሉኝ። የተጣመመውን ፈትቼ ሰጠኋቸው። በትከሻቸው ተሸክመው ሁለት ቀን በእግራቸው ብቸና ገቡ።»

«ታዲያ ማረክሁት ያሉት ለምንድን ነው?»

«አይ ልጄ! ያን የመሰለ ብረት ሜዳ ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል? በሳምንቱ ማረሻ ሆኖ ይገኝ ነበር። የጀግና ምርኮ ነው ሲባል ግን ማን ይደፍራል? አያትሽ ያኔ ቅኔ ቤት ነበር፤ ሲመለስ ወሬውን ከነደወሉ ተሰቅሎ አገኘው። እኔም ሲያወራው ሲያምርበት አይቼ ዝም አልሁ።»

ሥርጉት እንደገና የጻፈችው ድርሰት እንዲነበብ ተመረጠ። በወላጆች ቀን አቶ ገላው በእሷ ግብዣ ከሞጣ መጥተው ከወዳጃቸው ጎን ተቀመጡ። አቶ ሀብተ ሥላሴ በደስታ እጃቸውን ይዘው አልለቅም አሉ፤ ከጎናቸው የተቀመጡት የማን ምስክር እንደሆኑ አላወቁም።

ሥርጉት ማንበብ ጀመረች። በመጀመሪያ የአያቷን ክብር ሰጠች፤ ሽማግሌው ፈገግ አሉ። ቁጥሩ ላይ ስትደርስ ፈገግታው ጠፋ። ሰው መኖሩን ረስተው ብድግ አሉ።

«ቁጥር ምስክር አይሆንም! ሰው ጥሪ!»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሥርጉት ግን ዓይኗን ከወረቀቱ አነሣች።

«ምስክሬ... ከጎንዎ ናቸው፣ አባባ።»

አቶ ገላው ተነሥተው ያዩትን አንድ በአንድ ተናገሩ። ሳቁ ቆመ። ሥርጉት የመጨረሻዋን አንቀጽ አነበበች፦ «ቅድመ አያቴ ካሚዮን አልማረኩም። ፊደል ሳይቆጥሩ፣ እኛ እንድንቆጥር ብለው ብረት ተሸከሙ።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ እንደቆሙ ወደ አቶ ገላው ዞሩ።

«በትከሻቸው?» አሉ ወዳጃቸውን።

«በትከሻቸው።»

«ለእኔ አንድ ቀን አልነገሩኝም እኮ!» አሉ። ወደ መድረኩ ወጥተው የልጅ ልጃቸውን ግንባሯን ሳሙ፤ ወረቀቱንም ከእጇ ወሰዱ። መምህር ስጦታው ገና ማርክ አልሰጠሁበትም ቢል ማን ይስማው? «ላጥናው፤ ከእንግዲህ የማወራው ይኸን ነው» አሉና አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

እሑድ በሰንበቴው ወሬው ተጀመረ። ሥርጉት ዳቦ እያደለች ትሰማለች። «ይቺ ልጅ በአገር ፊት ረታችኝ!» ይላሉ፣ ሹመት ያገኙ ያህል ደረታቸውን ነፍተው። ቀጠሉ፦ አባታቸው፣ ቸርኬው፣ የሞጣው መንገድ፣ የሦስት ቀን ጉዞ...

«ሁለት ቀን ነው፣ አባባ» አለች ሥርጉት በጆሯቸው።

«ክረምት ነበር» አሉ ዞር ብለው ሳያዩዋት። «ጭቃው ያስኬዳል እንዴ?»