ሻንጣ የሌለው ተሳፋሪ

ወሰኑ እንደ ልማዱ አርብ ጠዋት ጅቡቲ፣ ካርቲየ ስድስት ሰፈር መንገድ ዳር ቆሞ በድምፅ ማጉያው ይለፈልፋል። «ድሬዳዋ በባቡር! አቧራ የለ፣ መንገጫገጭ የለ! ኤሲውን ብቻ ስሙት!» ማን ሰምቶት! ፀሐዩ ገና በጠዋቱ አናት ይበሳል፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። አንዱ በራሪ ወረቀቱን ተቀብሎ ፊቱን ያራግብበታል፣ ሌላው የሳምቡሳ ዘይት ይጠርግበታል። ሰውን ባቡር አሳፍር ተብሎ መቀጠር ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ወሰኑ ራሱ በዚያ ባቡር ተሳፍሮ አያውቅም። እናቱ እማማ ሰብለወርቅ ድሬዳዋ ናቸው፤ ካያቸው ስንት ዓመቱ! ግን ከጅቡቲ የመጣ ሰው እጁን እያወናጨፈ እናቱ ደጅ ይቆማል እንዴ? ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ሻንጣ ሲፈታ ሊያይ አይደል? ብርድ ልብሱ፣ ሽቶው፣ የዱቄት ወተቱ ከየት ይምጣ? «የሚቀጥለው ወር» እያለ ይኸው ፀጉሩ ሸበተ። እናቱ በስልክ ሥራህ ምንድን ነው ሲሉትም አፍሮ «ቢሮ ነው» ብሎ ያልፋቸዋል።

የዚያን ቀን ለፍልፎ ለፍልፎ ያገኘው አንድ ሰው ነው። አበዛሽ ትባላለች፤ ሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው የምታድር የድሬ ልጅ።

«አቦ አታድክመኝ፣ እውነት ያደርሰኛል?» አለችው። «እናቴ ታማብኛለች።»

«ምን በወጣሽ ትንገላቻለሽ! ቁጭ ብለሽ መሄድ ነው እንጂ።»

በማግስቱ ማጉያውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ነጋድ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሊሸኛት ሄደ። ወይ ጉድ! አበዛሽ አንድ ታክሲ ሙሉ ዕቃ አራግፋለች። የስንት ዓመት ልፋቷ በገመድ ተጠፍሮ በሩ ላይ ተደርድሯል። ፈታሹ ሚዛኑን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ለአንድ ሰው የሚፈቀደው የዚያ ግማሽ ነው።

አበዛሽ ወደ ወሰኑ ዞረች። «ይኼን አልነገርከኝም።»

እውነቷን ነው። ስለ ኤሲው ጉሮሮው እስኪደርቅ ሲጮህ፣ ስለ ሚዛኑ አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። አንገቱን ደፋ።

አበዛሽ ተሰላፊውን አንድ በአንድ ለመነች። «እባካችሁ፣ አንዷን ሻንጣ በስማችሁ ያዙልኝ።» ማን ይያዝላት? ሁሉም የራሱ ከብዶታል። በመጨረሻ ዕቃዋ ላይ ዘጭ ብላ እንባዋን ለቀቀችው።

«በቃ እመለሳለሁ። ይኼን ሁሉ ዓመት ሰው ቤት ኖሬ፣ ግማሹን ጥዬ ምን ብዬ ልግባ?»

ባቡሩ ሊነሳ ነው። ወሰኑ ዙሪያውን ቃኘ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ሻንጣ የሌለው እሱ ብቻ ነው። ደክሞታል፤ ለማጽናናትም ለመከራከርም አቅም አልቀረውም። ፓስፖርቱ እንደ ማንኛውም አገሩ ያልሆነ ሰው ከኪሱ አይለይም። አወጣና ቲኬት ቆረጠ።

«ይኼ የማን ነው?» አለ ፈታሹ።

«የእኔ» አለ ወሰኑ፣ የአበዛሽን ሻንጣዎች እየጎተተ።

ባቡሩ ከተንቀሳቀሰ በኋላ አበዛሽ መስኮቱን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ኤሲው እውነትም ይቀዘቅዛል። ወሰኑ ማጉያውን ጭኑ ላይ አስቀመጠና እናቱ ጋ ደወለ።

«እማዬ፣ እየመጣሁ ነው። ግን ምንም አልያዝኩልሽም።»

«አንተን እንጂ ማን ዕቃ ጠየቀህ! በምን ነው የምትመጣው?»

«በባቡር።»

«ባቡሩ ሰው ይጭናል እንዴ? እኔኮ ዕቃ ብቻ ነው የሚጭነው ሲሉ ሰምቼ!»

«ይጭናል እንጂ፣ እማዬ። ከተጀመረ ቆየ።»

«ታዲያ ምነው ልጄ! አውቶቡሱን ወገቤ አልችል ብሎኝ ነው እንጂ የተቀመጥኩት» አሉ እማማ ሰብለወርቅ። «ብትነግረኝ እኔው እመጣ አልነበረም ወይ?»

ወሰኑ ጭኑ ላይ ያለውን ማጉያ አየና ከመቀመጫው ሥር ደበቀው።