የወለተ ኪዳን እጆች

ዲቪዲው ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሄድ፣ አልጋ ላይ የተኛችው ታየች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ባሏ አድማሴ ማጫወቻውን አቆመው።

«ምን አለች?» አለ ወንድሟ ይሄይስ።

«የእማማ እጅ ተሰባብሯል ነው የምትለው። ምንም አልገባትም።»

ታየች ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። ትምህርት ቤት አልገባችም። የምትነጋገረው ከእናቷ ከወለተ ኪዳን ጋር ሆነው ከልጅነቷ ጀምሮ በፈጠሩት የእጅ ምልክት ነው። አድማሴ ካገባት በኋላ ተማረው። ታናሽ ወንድሟ ይሄይስ ግን «ብላ»፣ «ና» እና «ሂድ» የሚሉትን ያህል ነው የሚያውቀው፤ ከዚያ በላይ ለማወቅ ጊዜ ሰጥቶ አያውቅም።

አሁን እናታቸው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተኝታለች። ጉሮሮዋ አብጦ ድምፅዋ ከጠፋ አሥር ቀን ሆኗል። ታየች ደግሞ እዚህ አምበር ከተማ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ወጌሻ አስሯት፣ ከአልጋዋ ንቅንቅ አትልም። ይሄይስ ሰርግ እየቀረፀ የሚተዳደር ሰው ነውና ከባልደረባው አዲስ ካሜራ ተውሶ እናቱን ቀረፃት። ወለተ ኪዳን ትራስ ተደግፋ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ በእጇ አወራች፣ አለቀሰችም። እሱ አንዱንም አልተረዳም። ካሜራው ከባለቤቱ ጋር ባሕር ዳር ሄዷል፤ ቀረፃው የቀረው ደብረ ማርቆስ፣ ሱቁ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው።

ቴሌቪዥኑ ፊት ተንበርክኮ እንደገና አጫወተው። ፊቷ ደህና ነው። እጇ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ግን ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል፤ አንዱ እጅ ሁለት ይሆናል። ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ ወዲያው ገባው። ካሜራው በሰከንድ ሠላሳ ሙሉ ምስል ነው የሚያነሳው፤ ፕሮግረሲቭ የሚሉት። እሱ በችኮላ፣ በድሮ ካሜራው እንደለመደው፣ ሃያ አምስት ላይ አድርጎ እያንዳንዱን ምስል መስመር በመስመር ለሁለት እንዲከፍል ዲቪዲ የሚሠራውን ፕሮግራም አዘዘው። ፕሮግራሙም ምስሎቹን ቆራርጦ አደባለቃቸው።

«ነገ አስተካክዬ አመጣዋለሁ በላት።»

«እማማ እስከ ነገ ይቆያሉ?» አለ አድማሴ።

ይሄይስ ዲስኩን አውጥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ሠላሳውን መረጠ፤ «ፕሮግረሲቭ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ አስጀመረው። አርባ በመቶ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። እናቱን የምታስታምመው አክስቱ ሥራነሽ ናት።

«እጇን ማንሳት አቅቷታል። ና ልጄ፣ ቶሎ።»

ጨለማው ሱቅ ውስጥ ቆመ። ሆስፒታል ቢሄድ ታየች ቀረች፤ አምበር ቢሄድ እናቱ። ኮምፒውተሩን ነቅሎ ታቀፈና ባጃጅ አስቆመ።

ጄኔሬተር ያለው የኔዓለም የሚባል የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ነው። በሩ ላይ ተማሪዎች ተሰልፈዋል።

«ጋሼ፣ አንድ ሶኬት ይስጡኝ። ለአንድ ሰዓት።»

«ወረፋውን እያየኸው?» አለው የኔዓለም። ቀና ብሎ ፊቱን ሲያይ ግን ሌላ አልጠየቀም። ጎንበስ ብሎ የገዛ ማሽኑን ነቀለለት።

አምበር ሲደርስ ሰባት ሰዓት አልፏል። አዲሱን ዲስክ አስገባ። የወለተ ኪዳን እጆች ሳይሰነጣጠቁ፣ ጣት በጣት ተለይተው ታዩ። ታየች በክንዷ ተደግፋ ቀና አለች፤ እስከ መጨረሻው ዓይኗን አልነቀለችም።

አድማሴ እየተንተባተበ ተረጎመለት። «‹ልጅ ሳለሽ፣ የማይሰሙ ልጆች በእጅ የሚማሩበት ቤት ልውሰዳት ብሎ ሰው መጥቶ ነበር። ደበቅኩሽ። ያለ አንቺ መኖር ፈራሁ። ይቅር በዪኝ› ነው የሚሉት።»

ታየች እጇን አነሳች።

«አውቅ ነበር ትላለች። ሰውየውን ከጎተራው ኋላ ሆና አይታዋለች። አሁንም አልበረደልኝም፣ ግን ይቅር ብያታለሁ በላት ትላለች።»

«ይቅር ብያለሁ እንዴት ነው የሚባለው?» አለ ይሄይስ።

ታየች የወንድሟን እጅ ይዛ መዳፉን ደረቱ ላይ አስቀመጠች፤ ቁልቁል አንሸራትታም ወደ ውጭ ዘረጋችው። ሦስት ጊዜ አስደገመችው።

ይሄይስ ሆስፒታል ሲገባ የእናቱ ዓይኖች በከፊል ተከፍተው ነበር። አልጋው ፊት ቆሞ መዳፉን ከደረቱ ወደ እሷ ዘረጋ። ደገመው። ሥራነሽ ክንዱን እስክትይዘው ድረስ አላቆመም።

እናቱ ሳይመሽ አረፈች። ከቀብር መልስ አምበር ሲሄድ ታየች ወደ ዓይኗ ጠቁማ እናታቸው ምልክቱን አየችው ወይ ብላ ጠየቀችው። ይህኛውን ማንም ሳይተረጉምለት ገባው። ማየቷን አላወቀም፤ አለማየቷንም አላወቀም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ እሷም ደግማ አልጠየቀችውም።