የማክሰኞ ሰዎች

«እንግዲህ ልጄ፣ እነዚያ የማክሰኞ ሰዎች ወደ እኛ ይምጡ» አሉ ሽማግሌው፣ ሻዩን ከእጇ እየተቀበሉ። «የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሰፊ ነው። አባትሽ ካረፈ ወዲያ ቤትሽን ለምን ታጨናንቂያለሽ?»

ነገሩ ልብስ ሰፊዋ ልብ ውስጥ ገብቷል። አባቷ ከተቀበረ ጀምሮ ለቀስተኛው ገባ ወጣ ሲል፣ ይህ ሁሉ ሲያበቃ ቤቴ የራሴ ይሆን ይሆን እያለች ነበር የምታስበው። በዚህም ታፍራለች።

ጥግ የያዙት ሁለት ጎረቤቶች ይንሾካሾካሉ። «አባቷ አናጺ አይደል፣ መጀመር ይወድ ነበር። አንዱን ቤተ ክርስቲያን አቁሞ ሰው ሲሞላለት እብስ!»

«ጸሎት ቤት እንደ ወንበር እየሠራ ሲያከፋፍል ኖረ በይኛ» አለች ሌላዋ። ልብስ ሰፊዋም ሳትወድ ፈገግ አለች። እውነታቸውን ነው።

ልጅ ሳለች፣ ከመዘምራን ገብታ ጓደኛ ባፈራች ማግስት አባቷ ነቅሎ ወደ አዲስ ጸሎት ቤት ወሰዳት። እራት አልበላም ብላ ስታኮርፍ አጠገቧ ቁጭ አለ። «እዚያ ቤት እያንዳንዱ ወንበር ባለቤት አለው፤ ወንበሮቹን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። አዲስ ሰው ሲገባ የሰው ቦታ የነጠቀ ይመስለዋል። አዲስ ቤት ግን ሁላችንም እንግዳ ነን።» አልገባትም። ለዓመታት ከሽማግሌዎቹ ተጣልቶ ነው እያለች ስታማው ኖረች።

ከሁሉ የከፋት የመጨረሻው ነበር። የዳቦ ቤት ሠራተኞች እሑድም ሥራ ላይ ስለሚውሉ፣ በእረፍታቸው ቀን በማክሰኞ ሰብስቦ ሳሎኗ ውስጥ አስቀመጣቸው። የስፌት መኪናዋን ግድግዳ አስጠግቶ! በሰፋችው ጥቁር ኮት ላይ ዱቄት ባየች ቁጥር ትነጫነጭ፣ እሱም ጆሮ ዳባ ልበስ ይል ነበር።

በሩ ላይ ድምፅ ተሰማ። እነሱው ናቸው። መቀመጫ ስላጡ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። አንጋፋዋ ጋጋሪ ጠጋ ብላ፣ «እግዜር ያጽናሽ እህቴ» አለች። «ዛሬ ማክሰኞ መሆኑን ረስተን አይደለም፤ ለቅሶ ላይ ነሽና አናስቸግርሽም።»

ሽማግሌው ቀበል አድርገው፣ «እኛ ጋ ኑ እንጂ። እሑድ ጠዋት» አሉ።

«እሑድ ጠዋት እሳት ላይ ነን አባባ።»

«ሲመቻችሁ ታዲያ።»

«እሺ» አለች ጋጋሪዋ በትሕትና። እንደማይመጡ ሽማግሌውም ሳይገባቸው አልቀረም፤ ዓይናቸውን ወደ ሻያቸው መለሱ።

«ዛሬስ ወዴት ልትሄዱ ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ወደየቤታችን ነዋ።»

ሌላ መሄጃ አልነበራቸውም። አባቷ ያን ሁሉ ዓመት ለምን እንደተንከራተተ በዚህች መልስ ገባት፤ ጊዜው በማለፉም ሆድ ባሳት። ሳሎኑ በለቀስተኛ ሞልቷል። ባዶ የነበረው ከሞተ ወዲህ ማንም ያልገባበት የአባቷ መኝታ ክፍል ብቻ ነው።

ሄዳ ከፈተችው። አንሶላው እሱ እንደተነሣበት ተጨማዶ ነበር። ጥቂት ቆማ አየችው፣ ከዚያ ገፈፈችው። ፍራሹን ልታነሣ ስትታገል ሌላው ጫፍ ቀለል አላት፤ ጋጋሪዋ ይዛላታለች። አብረው ግድግዳ አስደገፉት፣ አልጋውንም ወደ ጥግ ገፉት።

«ግቡ» አለቻቸው። «ጠበብ ይላል፣ ተጠጋጉ።»

ከአልጋው የወደቀውን የአባቷን ትራስ አነሣች፤ አንዷ ልትቀበላት እጇን ዘረጋች። ልብስ ሰፊዋ አልሰጠቻትም። ደረቷ ላይ አቅፋው ከመሃላቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።