በሰባተኛው ማይክሮስኮፕ የታዩት ፀጉሮች

አክዋሲ ኒማኮ በኩማሲ፣ ሐኪሞች በሚሰለጥኑበት ትምህርት ቤት፣ የሰው ሥጋ በሰም እየጋገረ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ አቅጥኖ እየቆረጠና ቀለም እያጠጣ ስላይድ በሚሉት መስታወት ላይ መለጠፍ ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ማንም አስቀምጦ አላስተማረውም። በር ላይ ቆሞ ፕሮፌሰሮቹ ሲናገሩ እየሰማ፣ የተጣለ መጽሐፍ እያነሳ ነው የተማረው። ቢላዋው ከመነሳቱ በፊት ለሥጋው ባለቤት አጭር ጸሎት ያደርሳል፤ ስሙን ካወቀ በስሙ፣ ካላወቀ «ለዚህ ወንድሜ» ብሎ። ተማሪዎቹ «ዎፋ» ይሉታል፣ አጎቴ ማለታቸው ነው። መምህራኑ ግን «ኒማኮ፣ ውሃ!» ነው የሚሉት።

በፈተና ቀን ሃያ ማይክሮስኮፖች ይደረደራሉ። ኒማኮ ደወል ሲመታ ተማሪው ያየውን ጽፎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በሰባተኛው ላይ ያለውን ስላይድ የማያውቅ ተማሪ የለም። መለያው ላይ «የሰው የአየር ቧንቧ፣ ጤነኛ» ይላል። መልሱም በየዓመቱ ያው ነው፦ ረጃጅም ህዋሶች፣ በመካከላቸው ንፍጥ የሚያመነጩ ዋንጫ መሳዮች፣ ከላይ ደግሞ አቧራውን እንደ መጥረጊያ ወደ ጉሮሮ የሚጠርጉ ሽፋሽፍት የመሰሉ ፀጉሮች። የአምና ጥያቄዎችን «ፓስኮ» ይሏቸዋል። ታላላቆች ለታናናሾች ያወርሷቸዋል፤ ታናናሾችም እንደ ዳዊት ይደግሟቸዋል። አንድ ዓመት አንድ ልጅ ከመቸኮሉ ብዛት ዓይኑን ሳያስጠጋ ጻፈና ሙሉ ነጥብ አገኘ።

ዘንድሮ ግን አዮርኮር ታጎ የምትባል የአክራ ልጅ በድጋሚ ፈተናዋ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ፀጉር የለም። ጠፍጣፋ ህዋሶች እንደ ተረከዝ ቆዳ ተደራርበዋል። ባለቤቱ አጫሽ ነበር፤ ነፍሱን ይማር።»

ዜሮ ተሰጣት። ለማለፍ ሁለት ነጥብ ጎደላት። በድጋሚ ፈተና የወደቀ ደግሞ ይባረራል።

አቤቱታ አስገባች። ጉዳዩ በሚታይበት ቀን ከሰዓት በኋላ ኒማኮ ውሃ ይዞ ሲያልፍ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛት።

«ፓስኮውን አላነበብሽም እንዴ ልጄ?»

«በቃሌ ነው የማውቀው ዎፋ። ተኝቼ ብትቀሰቅሰኝ እወጣዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ነካሽ?»

«አየሁ። እሱ ነው የነካኝ። እናቴ አክራ፣ ቾርኮር በሚባል የባሕር ዳርቻ ሰፈር ዓሣ በጭስ እያደረቀች ነው ያሳደገችኝ። ጠዋት ጠዋት እሷ አክታዋን እስክታወጣ ሰፈሩ በሙሉ ይነቃል። መጥረጊያ የሌለው ጉሮሮ ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ሳየው እጄ ዝም ብሎ ጻፈ።»

«"ነፍሱን ይማር" ማለትሽስ?»

«እሱ እንኳን ትንሽ በዛ» አለችና አንገቷን ደፋች።

ኒማኮ እውነቷን መሆኑን አልተጠራጠረም። እሱ ያውቃልና። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከውጭ የመጣውን ስላይድ ሲወለውል ከእጁ አምልጦ ተሰበረ። ደንግጦ፣ ጠያቂ ዘመድ ካጣ የጭነት መኪና ሾፌር የአየር ቧንቧ አዲስ ቆረጠ፤ የድሮውን መለያ በእንፋሎት አላቅቆ ለጠፈበት። ሾፌሩ በቀን ሁለት ፓኮ ሲጋራ የሚጨርስ ነበር፤ ፀጉሮቹን ጭሱ በልቷቸው አልቀዋል። ኒማኮ በማግስቱ ሊናዘዝ ቆርጦ ገባ። ትምህርቱን የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር አጄኩም ግን ቀድመውት ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰው ለተማሪዎቻቸው «ፀጉሮቹን ተመልከቱ! እግዚአብሔር እንዴት ያለ መጥረጊያ ሠርቷል!» ሲሉ አገኛቸው። ፕሮፌሰሩ ካዩት እሱ ማን ነው የለም የሚለው? ዝም አለ። ዝምታውም ሥር ሰደደ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ውሃውን ይዞ አቤቱታው ወደሚታይበት ክፍል ገባ።

ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል፦ ፕሮፌሰር አጄኩም፤ ከእሳቸው ጋር ሳይስማሙ ቀርተው የማያውቁት ዶክተር ታዊያ፤ ገና በሙከራ ላይ ያለውና ቋሚ ቅጥር የሚጠብቀው ወጣቱ ዶክተር ላርቢ። ጸሐፊዋ ማዳም ዳንክዋ ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» ይላሉ ፕሮፌሰሩ። «ስላይዴን የናቀች እኔን ንቃለች።»

«ንቃለች እንጂ!» አሉ ዶክተር ታዊያ።

«ፕሮፍ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልናገር» አለ ኒማኮ።

«ውሃውን አስቀምጥና ሂድ።»

«የውሃ ነገር አይደለም ፕሮፍ። የስላይዱ ነው።»

ከስብራቱ እስከ መለያው አንድ ሳያስቀር ተናዘዘ። ሲጨርስ ደረቱ ቀለል አለው። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እና ምን ልትለኝ ነው? አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሌለ ፀጉር ሳሳይ ኖርኩ?»

ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛውን ደበደቡ።

«አምጣው! ማይክሮስኮፑንም አምጣው! ዓይን ያለው ይይ!»

አመጣ። ሰካ። አምፖሉን አበራ፤ ምስሉን አጠራ። ጠፍጣፎቹ ህዋሶች እንደ ተነባበረ ቆርቆሮ ተኝተዋል። ፈቀቅ አለ። ፕሮፌሰሩ ከወንበራቸው ተነስተው፣ ሸሚዛቸውን አስተካክለው እስኪደርሱ የጣሪያው ማራገቢያ እየተጎተተ ቆመ። ማይክሮስኮፑ እግር ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራትም ድርግም አለች። በኩማሲ መብራት ሲሄድ ማን ያስተውላል? ከቀትር በኋላ ነው፤ ክፍሉ በመስኮት ብርሃን ተሞልቷል። የጠቆረው ማይክሮስኮፑ ውስጥ ብቻ ነው።

ኒማኮ አፉን ከፈተ። ፕሮፌሰሩ ግን አጎንብሰዋል።

«ይኸው! እንደ ሩዝ ማሳ ይወዛወዛሉ!»

ኒማኮ አፉን ዘጋ። ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ሥጋ ሲወዛወዝ አሁን ገና መስማቱ ነው።

ዶክተር ታዊያ ተተኩ። «ጥርት ብለዋል! ጊዜ ቢሰጠኝ አንድ በአንድ እቆጥራቸው ነበር።»

ዶክተር ላርቢ ብዙ ቆየ። ዓይኑን አነሳ፤ ኒማኮን አየ፤ ፕሮፌሰሩን አየ፤ ተመልሶ አጎነበሰ። ላብ ከጆሮው ሥር ወረደ።

«አሉ» አለ በመጨረሻ። «ትንሽ... ጨለም ብለዋል እንጂ አሉ።»

ማንም ሳይጠራት ማዳም ዳንክዋም ጎንበስ አለች። «እኔ እንኳን የጽሕፈት ሰው ነኝ። ግን ሲያምሩ!»

«ሰማህ ኒማኮ? አራት ሰው!»

«ሰምቻለሁ ፕሮፍ» አለ ኒማኮ በለሆሳስ። «መብራት ግን ጠፍቷል።»

«ምን?»

«መብራት። እርስዎ ሳያጎነብሱ በፊት ነው የሄደው።»

አራቱም ቀና ብለው ማራገቢያውን አዩት። እንደ ተሰቀለ ቋንጣ ጸጥ ብሏል። ዶክተር ታዊያ ድንገት የሚያስነጥሳቸው መሰለና መሐረብ ፍለጋ ኪሳቸውን ይዳብሱ ጀመር። ፕሮፌሰር አጄኩም ግን በከንቱ ፕሮፌሰር አልሆኑም፤ ፊታቸው ቀስ በቀስ በራ።

«እህ! መብራት እንዲህ የሚጠፋ ከሆነማ በፈተናው ቀንም ጠፍቶ ነበር ማለት ነዋ! ልጅቷ ፀጉሮቹን ያላየችው ለዚያ ነው! እኛ ሰው አንበድልም። የሰባተኛው ነጥብ ይሰጣት።»

«ይሰጣት እንጂ!» አሉ ዶክተር ታዊያ ከመሐረባቸው ውስጥ።

«ግን ፕሮፍ» አለ ላርቢ፣ «አብረዋት የተፈተኑት ሌሎቹ ተማሪዎችስ እንዴት አዩት?»

«እነሱ አስቀድመው ያውቁታል። ጨለማ አያግዳቸውም።»

ማዳም ዳንክዋ የምስክርነት ወረቀት ወዲያው አዘጋጀች። «በፈተናው ዕለት በሰባተኛው ማይክሮስኮፕ መብራት እንዳልነበረ አረጋግጣለሁ» ይላል። ከሥሩ ለኒማኮ፣ ቀጥሎም ለሦስቱ መምህራን ፊርማ መስመር ተሰምሯል። ነገ ጠዋት ስም ዝርዝሩ ከመለጠፉ በፊት ካልተፈረመ ዜሮው ይጸናል። ስለ ኑዛዜው ግን አንዲት ቃል አልተጻፈችም።

ኮሪደሩ ላይ አዮርኮር ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችና ለኒማኮ መለሰችለት።

«መብራትማ ነበረ።»

«ነበረ።»

«በውሸት ማለፍ አልፈልግም ልልህ ነበር ዎፋ» አለች። «ግን እፈልጋለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ነው የምፈልገው። እናቴ ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው ብላ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግራለች።»

ኒማኮ ቤቱ ገብቶ ሚስቱ ያቀረበችለትን ኬንኬ የተባለ የበቆሎ ምግብና ዓሣ ሳይነካ ተንበረከከ። አንድ ጊዜ በመለያ ዋሽቷል፤ አሁን በፊርማ ሊዋሽ ነው? እንቢ ቢል ደግሞ እውነት የጻፈችው ልጅ በእሱ እውነት ትባረር? ከላይ ድምፅ አልመጣም። ሲነሳ ግን በመጀመሪያው ውሸቱ ምክንያት እንጀራዋን ልታጣ የነበረችውን ልጅ በሁለተኛ ውሸት ማዳን እጁ እምቢ አለው። የሚጠፋ ስም ካለ የእሱ ይጥፋ። ብዕሩን አንስቶ ከመስመሩ ላይ በጉልህ ጻፈ፦ «መብራት ነበረ። ፀጉሮቹ ናቸው ያልነበሩት። ተማሪዋ ትክክል ናት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አክዋሲ ኒማኮ።»

ጠዋት፣ ልብሱን እንደ ተከሳሽ አሳምሮ፣ ወረቀቱን ለማዳም ዳንክዋ ሰጠና ቆሞ ጠበቀ። እሷ በአንድ እጇ ዋኬዋን፣ በቅጠል የተጠቀለለ የሩዝና የባቄላ ቁርሷን፣ ይዛ የወረቀቱን ግርጌ ብቻ አየች።

«ፈርመሃል? ፈርመሃል።» ማኅተሙን ደረገመችበት።

ፕሮፌሰሩ ስልክ እያወሩ ፈረሙ። ዶክተር ታዊያ የፕሮፌሰሩን ፊርማ አይተው ፈረሙ። ዶክተር ላርቢም ፈረመ። በአራት ሰዓት ስም ዝርዝሩ ተለጠፈ፤ አዮርኮር ታጎ አልፋለች። ኮሪደሩን በእልልታ አናወጠችው። ኒማኮ ከእሷ ጋር ሳቀ፤ በውስጡ ግን ኑዛዜው ማኅተምና ሦስት ፊርማ ይዞ፣ ሳይነበብ ቁምሳጥን ውስጥ መግባቱ ከነከነው።

ከሰዓት በኋላ ዶክተር ላርቢ ወደ ላቦራቶሪው መጣና በሩን ከኋላው ዘጋ።

«ወረቀቱን አንብቤዋለሁ» አለ።

ኒማኮ ስላይዱን ሰካለት። ላርቢ አጎንብሶ ብዙ ደቂቃ ቆየ፤ ከዳር እስከ ዳር አየው።

«የሉም» አለ።

«የሉም ዶክተር።»

«አንድም?»

«አንድም።»

ላርቢ ቀና ብሎ ኮቱን አራገፈ። «ይህን ነገር ለማን ትናገራለህ?»

«ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ።»

«መልካም» አለ ላርቢ፣ የበሩን እጀታ ይዞ። «እኔ ታዲያ አልጠየቅኩህም።»