በራዱ ላይ ያልተሳለው ልጅ

«ሳሙና እንዳታስነኪው!» ብለው እናቷ ከሳሎን ጮኹ።

«አላስነካሁትም፣ እማዬ!» አለች ግሌኒስ ከወጥ ቤት። ዕድሜ ልኳን ያጠበችውን በራድ ዛሬም ትናንት እንደተቀጠረች ሠራተኛ ያስጠነቅቋታል። ያንገበግባል።

የሸክላው በራድ ከቅድመ አያት የወረደ ነው። በአንድ ጎኑ የወንጌሉ የጠፋው ልጅ አሳማ ሲጠብቅ፣ በሌላው ጎኑ ሽማግሌው አባት ሲያቅፈው ተስሎበታል። ለገናና ለፋሲካ ካልሆነ ከመደርደሪያ አይወርድም። ዛሬ የወረደው ታናሽ ወንድሟ ኔቪል ስፔን ከርሞ ከርሞ ስለመጣ ነው። እናቷ ጠዋት ሲለባብሱ፣ «በራዱን ለኔቪል እሰጠዋለሁ» ብለዋታል።

«እኔስ፣ እማዬ?»

«አንቺማ ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ነሽ።»

አዎ፣ ናት። የሚያጥባቸው፣ መድኃኒት የሚያስውጣቸው፣ ሌሊት ሲጠሩ የሚነሳ ሌላ ማን አለ?

ግሌኒስ ባዶውን በራድ የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ውኃው እስኪፈላ ኬኩን መቁረጥ ጀመረች። ፊቱ በፀሐይ የቀላው ኔቪል በራዱን አነሳ። በዚህ የሸክላ ፋብሪካ ከተማ ያደገ ሰው ዕቃ ሲያይ እጁ አያርፍም፤ የማን ሥራ እንደሆነ ግርጌው ላይ ከታተመው ምልክት ለማየት ይገለብጠዋል። ኔቪል ይህን ልማድ አልረሳም። ክዳኑን መያዝ ግን ረሳ።

ክዳኑ ወለሉ ላይ ወድቆ ተሰባበረ።

«ግድ የለም፣ የኔ ልጅ!» አሉ እናቱ። «ዋናው አንተ መምጣትህ ነው።»

ግሌኒስ ቢላዋውን አስቀመጠች። «እኔ በልጅነቴ አፉን ሸረፍ ባደረግሁት ጊዜ ግን በጥፊ ነው ያልሽኝ።»

«አንቺማ ጠንቃቃ ነሽ ብዬ ነዋ!»

«በሙጫ እንለጥፈዋለን፣ ግሌን» አለ ኔቪል።

«እንለጥፈዋለን? አንተ ሐሙስ ትበራለህ፤ ለጣፊዋ እኔ ነኝ!» በራዱን ከእጁ ነጥቃ ወደ እናቷ አዞረችው። «እይ፣ እማዬ። አሳማዎቹ እንኳ ተስለዋል። ቤት የቀረው ታላቅየው የታለ?»

እናቷ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩ። «ቦታ አልበቃ ብሎ ይሆናላ።»

ኔቪል ሳቀ። ግሌኒስ ሽርጧን ፈትታ ወንበሩ ላይ ወረወረችና ወደ ጓሮ ወጣች። ካፊያ ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ግሌኒስ! ውኃው ፈላ! ሻዩን ማን ይቅዳ?»

«ልጅሽ ይቅዳ!»

እናቷ ኔቪልን «ሂድና አምጣት» ሲሉት ሰማች።

«ተያት፣ እማዬ» አለ ኔቪል። «ሲበርዳት ራሷ ትመጣለች።»

ግሌኒስ ጥርሷን ነከሰች። አሁን ተነስታ ትገባለች፤ ቀድታ ታጠጣቸዋለች፤ ስብርባሪውንም ትጠርጋለች። ሁሌም የምታደርገው ይህንኑ ነው።

ያን ጊዜ እናቷ ሲራመዱ የሚደገፉት ብረት ወለሉን ሲመታ ሰማች። ቋ። ቆም ይላል። ደግሞ ቋ። ወደ ጓሮው በር እየቀረበ ነው።

«እማዬ፣ የት ነው በዝናብ?» አለ ኔቪል።

«ልጄ ውጭ ናት» አሉ።

ሌላ ቀን ቢሆን ግሌኒስ ሮጣ ክንዳቸውን በያዘች ነበር። ዛሬ አልተነሳችም። አጠገቧ ያለውን እርጥብ ቦታ በእጅጌዋ ጠርጋ ጠበቀች።